ከመግዛት በፊት መጠየቅ፤ የመውለድን ችሎታ በቤት ስለ መመርመር

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ሲኖር በአፉ ሊያወጣው ስለሚያፍረው አንድ ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት ልጅ ፈልገው ሳያገኙ ሲቀሩ፥ ወደ ሐኪም ከመሄዳቸው አስቀድመው ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ወይም በውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክላቸው እያደረጉ በቤታቸው የሚሞክሩት መመርመሪያ አለ። ዓይነቱ ዛሬ ብዙ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ መመርመሪያ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰው ጥያቄውን ሳይመርጥ ዕቃውን ስለሚገዛ፥ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ከገንዘብ የሚበልጠውን ጊዜውን ያባክናል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከሁሉ አስቀድሞ የትኛው ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት ነው፤ የዕቃው ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እንጀምር። በሐዋሳ ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ባልየው አቶ እገሌ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ሚስትየዋ ወይዘሮ እገሊት አስተማሪ ናቸው። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወርደው በሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ የሰው ልጆች ሲጫወቱ ያያሉ፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ስለዚህ ነገር አይነጋገሩም። የባልየው እናት ለበዓል ሲመጡ «ምነው ልጄ፤ የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት?» ይላሉ። ቃሉን የሚናገሩት ለልጃቸው ሆኖ ሳለ፥ ዓይናቸው የሚያርፈው በምራታቸው ላይ ነው።

ወይዘሮ እገሊት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጥቅል ገዙ። በጥቅሉ ውስጥ ያለው እንቁላል የሚወጣበትን ቀን የሚያሳይ ቀጭን ወረቀት ነው። በየወሩ ይሞክራሉ፤ በየወሩም ሁለት መስመር ይታያቸዋል፤ ደስ ይላቸዋል። ወሩ ሲያልቅ ግን የወር አበባቸው ይመጣል። እንዲህ እያለ አሥራ አራት ወር አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አቶ እገሌ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመረመሩም። «እኔ ምን ሆኜ? ጤነኛ ነኝ እኮ!» ነበር መልሳቸው።

ይህ ምሳሌ ቢሆንም፥ እንግዳ ታሪክ እንዳይደለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። «መካን» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለሴቲቱ ነው። ዳሩ ግን ልጅ ባጡ ባለትዳሮች ዘንድ ከሚታየው ችግር ግማሽ በሚጠጋው ውስጥ፥ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ፥ የወንዱ ድርሻ ይገኝበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮጳ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ዘገባ፥ በዓለም ላይ ካሉ ለአካለ መጠን ከደረሱ ሰዎች መካከል ከስድስቱ አንዱ ያህል በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር እንደሚደርስበት ገልጧል። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ቤት እርግማን ወይም የአንዲት ሴት ነውር ሳይሆን፥ እንደ ማንኛውም ሕመም ምክንያቱ ሊፈለግለት የሚገባ የጤና ጉዳይ ነው።

ፅንስ እንዲገኝ አራት ነገሮች መሟላት ያስፈልጋቸዋል። አንደኛ፥ ከሴቲቱ እንቁልጢ የበሰለ እንቁላል መውጣት አለበት። ሁለተኛ፥ የወንዱ ዘር በቁጥሩ በቂ፥ በእንቅስቃሴውም ብርቱ መሆን አለበት። ሦስተኛ፥ እንቁላሉና ዘሩ የሚገናኙበት የማኅፀን ቱቦ ክፍት መሆን አለበት። አራተኛ፥ ማኅፀን የተገኘውን ፅንስ ተቀብሎ ለማሳደር የተዘጋጀ መሆን አለበት። በቤት ውስጥ የሚደረጉት መመርመሪያዎች ስለ አንደኛውና ስለ ሁለተኛው ጥቂት ይነግሩናል። ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው ግን አንዳችም ሊነግሩን አይችሉም። ይህን ልብ ያለ ሰው ከንግግሬ ዋናውን ነገር ይዟል ማለት ነው።

እነዚህ መመርመሪያዎች ወደ ሰው ቤት የገቡት በቅርቡ ነው። በ1930ዎቹ የአውሮጳ ዓመታት አንዲት ሴት ማርገዝ አለማርገዟን ለማወቅ፥ ሽንቷ ከደቡብ አፍሪካ ለመጣች አንዲት እንቁራሪት በመርፌ ይሰጥ ነበር። ሴትዮዋ አርግዛ እንደ ሆነ እንቁራሪቷ እንቁላል ትጥላለች። ይህን ዘዴ ያስለመደው ላንስሎት ሆግበን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። በ1967 ደግሞ ማርጋሬት ክሬን የተባለች በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ በንድፍ ሥራ የተቀጠረች አሜሪካዊት፥ «ይህን ምርመራ ሴቲቱ ራሷ በቤቷ ለምን አታደርገውም?» ብላ አሰበችና ለቤት የሚሆነውን የእርግዝና መመርመሪያ ነደፈች። በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን የተባሉት ሊቃውንት አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የሚሠራበትን መንገድ ስላገኙ፥ በቀጭን ወረቀት ላይ መስመር እያሳየ የሚመልሰው መመርመሪያ ሊስፋፋ ቻለ። ለዚህም ሥራቸው በ1984 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ወረቀቱ የሚሠራበት መንገድ ለሐዋሳ ሰው እንግዳ አይደለም። ወባ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከጣቱ ጠብታ ደም የሰጠ ሰው በትንሽዬዋ ዕቃ ላይ መስመር ሲወጣ አይቷል። ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ ሲሳብ የሚፈለገው ነገር ካለ ቀለም ያዘለው ፀረ እንግዳ አካል ይይዘውና በተወሰነው ስፍራ ላይ መስመር ያሰምራል። ሌላው መስመር ዕቃው በደኅና መሥራቱን የሚያረጋግጥ መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ካልታየ ምርመራው እንዳልተደረገ ይቈጠራል።

አሁን ወደየዓይነታቸው እንግባ።

በመጀመሪያ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ የሚያመለክተውን እንመልከት። ይህ ወረቀት በሽንት ውስጥ የሚፈልገው ኤል ኤች የተባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ከአእምሮ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ይመነጫል፤ እንቁላል ሊወጣ ሲል በድንገት ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለ በኋላም ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላሉ ይወጣል። የወጣ እንቁላል ከአንድ ቀን በላይ አይቈይም። የወንድ ዘር ግን በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቈይ ይችላል። በ1995 በአሜሪካ አገር 221 ሴቶችን በመከታተል የተደረገ ጥናት፥ ፅንስ ሊገኝ የሚችልባቸው ቀኖች እንቁላሉ በሚወጣበት ቀን የሚያበቁት ስድስት ቀኖች መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የወረቀቱ ጥቅም እነዚህን ቀኖች ማሳወቅ ነው።

መሞከር የሚጀመርበትን ቀን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ። የወር አበባ የታየበት ቀን አንደኛ ቀን ተብሎ ይቈጠራል። ከአንድ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ሚቀጥለው መጀመሪያ ያሉት ቀኖች ይደመሩና 17 ይቀነስባቸዋል። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት በ11ኛው ቀን፥ 32 ቀን የሆነ ደግሞ በ15ኛው ቀን ትጀምራለች። ዑደቱ ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ አጭሩ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። በወባም ሆነ በእርግዝና ምርመራ ሁለተኛው መስመር ቢደበዝዝም እንኳ «አለ» ተብሎ ይነበባል። በኤል ኤች ወረቀት ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ሆርሞን ሁልጊዜ በጥቂቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚገኝ፥ የደበዘዘ መስመር ምንም ማለት አይደለም። ሁለተኛው መስመር ከመቆጣጠሪያው ጋር እኩል ወይም ከርሱ የደመቀ ሲሆን ብቻ ነው ቀኑ ደረሰ የሚባለው። ምናልባት ወይዘሮ እገሊት በየወሩ ያዩት ሁለተኛ መስመር የደበዘዘው ይሆናል፤ ምናልባትም የደመቀው ይሆናል። ይህን ለይተው ሳያውቁ አሥራ አራት ወር መቈየታቸው ነው የሚያሳዝነው።

ወረቀቱን በትክክል ያነበበች ሴት ምን ታተርፋለች? በ2023 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፥ ከ40 ዓመት በታች ከሆኑና ልጅ መሞከር ከጀመሩ ዓመት ካልሞላቸው ሴቶች መካከል፥ ያለ ወረቀቱ ከመቶ 18 የሚያረግዙ ቢሆን፥ በወረቀቱ ቀኑን ለይተው የተገናኙት ከመቶ ከ20 እስከ 28 ሊደርሱ ይችላሉ። ጥቅም አለው፤ ተአምር ግን አይደለም። ወረቀቱን ለመግዛት የማይፈልጉ ባልና ሚስት በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ቢገናኙ እነዚያ ስድስት ቀኖች አያመልጧቸውም።

ደግሞም ይህ ወረቀት ለማን እንደማይሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው ሕመም ያለባት ሴት ኤል ኤች ዘወትር ከፍ ብሎ ሊገኝባት ስለሚችል፥ ወረቀቱ እንቁላል ሳይወጣ «ሊወጣ ነው» ሊላት ይችላል። የወር አበባዋ በሁለትና በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ሴት ወረቀት በመግዛት ገንዘብ ከምታጠፋ፥ የወር አበባዋ የዘገየበትን ምክንያት ሐኪም እንዲፈልግላት ብታደርግ ይሻላታል።

ሁለተኛው ዓይነት እንቁላል በእርግጥ መውጣቱን ከወጣ በኋላ የሚያመለክት ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ርዝራዡም በሽንት ውስጥ ይገኛል። ይህን የሚፈልግ ወረቀት በውጭ አገር ይሸጣል። ያላገኘው ሰው በሙቀት መለኪያ መጠቀም ይችላል። ሴቲቱ በየጧቱ ከአልጋዋ ሳትነሣ ሙቀቷን ለክታ ብትጽፍ፥ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሰውነቷ ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ብሎ ሲቈይ ታያለች። ይህ ዘዴ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይናገርም፤ ቢሆንም የሁለትና የሦስት ወር ጽሑፍ ለሐኪም ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ስለ ቀሪው የእንቁላል ብዛት እነግራለሁ የሚለው ነው። ከእነዚህም አንዱ በሽንት ኤፍ ኤስ ኤች የተባለውን ሆርሞን ይፈልጋል። ሌላው ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው የኤ ኤም ኤች ምርመራ ነው። በውጭ አገር በብዙ ገንዘብ ይሸጣል፤ ዘመድም እንደ ትልቅ ስጦታ ቈጥሮ ይልከዋል። ዳሩ ግን በ2017 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 ዓመት በሆኑ 750 ያህል ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፥ ከዚህ ቀደም የመውለድ ችግር ባልታየባቸው ሴቶች ዘንድ ኤ ኤም ኤች ዝቅ ማለቱ ብቻውን የማርገዝን ዕድል እንዳልቀነሰው አሳይቷል። ይህ ምርመራ በሐኪም እጅ ሕክምና ለማቀድ ይጠቅማል፤ በቤት ግን አንዷን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፥ ሌላዋንም «ገና ብዙ አለኝ» አሰኝቶ ያዘናጋል። ስለዚህ በቤት ለመግዛት ከሚታሰቡት ሁሉ የመጨረሻው ይሁን ባይ ነኝ።

አራተኛው የወንዱ ዘር መመርመሪያ ነው። በቤት ከሚደረጉት ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚመልሱት በአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው የዘር ቁጥር ከተወሰነው መጠን በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ውስጥ የዝቅተኛው ወሰን ማነጻጸሪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው፤ ነገር ግን መመሪያው በቁጥሩ ብቻ አያበቃም። ፈሳሹ ከ1.4 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ፥ ከዘሩም ከመቶ 42 ያህሉ የሚንቀሳቀስ እንዲሆን፥ ቅርጹም እንዲታይ ይጠይቃል። አንዳንድ አዳዲስ ዕቃዎች በተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ እየታገዙ እንቅስቃሴውን ያሳያሉ። የሆነ ሆኖ በቤት «ደኅና ነው» የሚል መልስ ያገኘ ሰው ግማሹን ያህል እንጂ ሁሉን አላወቀም።

ወንዱ ለምርመራ ሲዘጋጅ ከሁለት ያላነሱ፥ ከሰባት ያልበለጡ ቀኖች ከግንኙነት መቈጠብ አለበት። ፈሳሹን ንጹሕ በሆነ ዕቃ ውስጥ ይቀበል፤ ሳሙና፥ ቅባትና ተራ ኮንዶም ዘሩን ስለሚጎዱ አይጠቀም። ደግሞም አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል። በወባ ወይም በታይፎይድ ምክንያት ብርቱ ትኩሳት ይዞት የነበረ ሰው ለጥቂት ወራት ቁጥሩ ሊቀንስበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ዝቅተኛ ነው» የሚል መልስ ያየ ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ይድገመው።

እዚህ ላይ ለወንዶች አድማጮቼ አንድ ቃል ልናገር። ከምርመራዎች ሁሉ ሳይወጉ፥ ሳይቀደዱና ሳይታመሙ የሚደረገው የወንዱ ምርመራ ነው። የሚስታችሁን ቱቦ ለመመርመር ግን መሣሪያና ራጅ ያስፈልጋል፤ ሕመምም አለው። ቀላሉ ሳይሠራ ከባዱን ማስቀደም ከፍርድም ከብልኅነትም የራቀ ነው። ጥሩ የሒሳብ ሠራተኛ ጉድለት ሲታይ ሁሉንም መዝገብ ይመለከታል እንጂ፥ የአንዱን ሣጥን ብቻ ደጋግሞ አይቈጥርም።

አሁን ማንኛውም የቤት መመርመሪያ ወደማይደርስበት ወደ ሦስተኛው ነገር፥ ወደ ማኅፀን ቱቦ እንምጣ። የዓለም የጤና ድርጅት በብዙ አገሮች አስጠንቶ ውጤቱ በ1985 የታተመው ጥናት፥ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ልጅ ባጡ ሴቶች ዘንድ በኢንፌክሽን ምክንያት የቱቦ መዘጋት ከሌሎቹ ክፍለ ዓለማት ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ አረጋግጧል። ምክንያቱም በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፥ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን፥ ወይም ንጽሕና በጎደለው ሁኔታ የተደረገ ውርጃ ነው። ቱቦዋ የተዘጋ ሴት የወር አበባዋ በቀኑ ሊመጣ፥ እንቁላሏም በየወሩ ሊወጣ ይችላል። የኤል ኤች ወረቀት በየወሩ «ቀኑ ደርሷል» ይላታል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን እንቁላሉ የሚያልፍበት መንገድ ተዘግቷል። ይህ የሚታወቀው በማኅፀን ውስጥ ቀለም ተጨምሮ በሚነሣ ራጅ ወይም በሌላ የሆስፒታል ምርመራ ብቻ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ከቤት መመርመሪያ ላይ ብዙ መቈየት ከሌላው አገር ይልቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቃችሁ በኋላ ለመግዛት የወሰናችሁ ብትኖሩ፥ በግዢው ጊዜ እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ።

አንደኛ፥ ከታወቀ መድኃኒት ቤት ግዙ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትንና የሕክምና መሣሪያን የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጥቅሉ የተቀደደ ወይም መመሪያው የጠፋ ከሆነ አትቀበሉ። ሁለተኛ፥ የእርግዝናውና የእንቁላሉ ወረቀት በመልክ ስለሚመሳሰሉ፥ በጥቅሉ ላይ ኤል ኤች ወይስ ኤች ሲ ጂ እንደሚል አንብቡ፤ ኤች ሲ ጂ የሚለው የእርግዝናው ነው። ሦስተኛ፥ የሚያበቃበትን ዓመት ስታነቡ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። 2024 የሚል ጥቅል በእኛ ቁጥር ብታነቡት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስላል፤ እርሱ ግን የእኛ 2016 ወይም 2017 ዓ.ም. ነው።

አራተኛ፥ ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በብዙ የኤል ኤች ጥቅል ላይ «ከ10 እስከ 8» ተብሎ የሚጻፈው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሞክሩ፤ ከዚያ በፊትም ለሁለት ሰዓት ያህል ብዙ ውሃ አትጠጡ፤ ሽንት ከቀጠነ መስመሩ ይደበዝዛልና። አምስተኛ፥ ወረቀቱን ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ስፍራ አታስቀምጡ። በሐዋሳ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ጥቅል የሚሰጠው መልስ አይታመንም። ስድስተኛ፥ መልሱን መመሪያው በወሰነው ደቂቃ አንብቡ፤ ከሰዓታት በኋላ ተመልሳችሁ ያያችሁት መስመር አይቈጠርም።

ከዚህ በላይ ግን የሚያሻው መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው። ጤናማ ከሆኑ ባለትዳሮች መካከል ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ፤ ከቀሩትም ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ያገኛሉ። ስለዚህ በሦስትና በአራት ወር መደናገጥ አያስፈልግም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ነገር ግን ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ሆና አንድ ዓመት ካለፈ፥ 35 ዓመት የሞላት እንደ ሆነ ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፥ ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የወር አበባዋ የተዛባ፥ ከዚህ ቀደም የማኅፀን ኢንፌክሽን ወይም ከማኅፀን ውጭ እርግዝና የደረሰባት፥ ወይም ሆዷ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ከሆነች ያን ያህልም አትጠብቅ። ወንዱም ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ ያበጠበት፥ በሕፃንነቱም ቆለጡ ያልወረደለት እንደ ሆነ እንዲሁ ነው።

ከሐዋሳ ሳይወጡ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች አሉ። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ቢያስፈልግ፥ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ከዚያ በፊት ከሰውነት ውጭ በሚደረግ ፅንሰት ልጅ ለማግኘት የፈለገ ብዙ ሰው ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር። ዛሬ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ረጅም ቢሆንም የአገር ውስጥ መንገድ ነው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። የወር አበባ ቀኖች፥ የሙቀት ልክ፥ የወረቀቶቹ መልስና የወንዱ ምርመራ የተጻፈበት አንድ ደብተር ያዙ። የቤት መመርመሪያ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ደብተር ነው፤ ሐኪሙ ከባዶ እንዳይጀምር ያደርገዋልና።

ወደ አቶ እገሌና ወደ ወይዘሮ እገሊት ልመለስ። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን አብረው ተቀምጠው «ከአራቱ ነገሮች የትኛውን እናውቃለን? የትኛውን አናውቅም?» ብለው ቢጠያየቁ ኖሮ፥ አቶ እገሌ በአንድ ጧት ፈቃድ ወስደው ተመርምረው በሰዓታቸው ወደ ሥራቸው በተመለሱ ነበር። የዘር ቁጥር ማነስም ሆነ የቱቦ መዘጋት ቢገኝ ኖሮ ሕክምናው ከአንድ ዓመት በፊት በተጀመረ ነበር። ለሴት ልጅ ከ35 ዓመት በኋላ አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ወይዘሮ እገሊትም አሥራ አራት ወር ሙሉ የአማታቸውን ዓይን ብቻቸውን ባልተሸከሙ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገራችን ተረት። ከዚህም በላይ የራሱን ደብቆ የሚስቱን ብቻ የሚያስመረምር ሰው መድኃኒቱን ለሁለቱም ያሳጣል። አቶ እገሌ ሆይ፤ በሚመጣው በዓል እናትዎ ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ ሚስትዎ ዓይናቸውን መሬት ላይ ሳይጥሉ በፊት፥ «እማዬ፤ ሁለታችንም እየተመረመርን ነው» ብለው እርስዎ ይመልሱ። ይህን ለማለት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ምንም ዕቃ አያስፈልግዎትም።